የቴሌግራም የምስጢር ጥበቃ ሴቲንግ፦ ቁልፉ ብዙ፣ በሩ ክፍት

ቴሌግራም የተጠቃሚውን የግል ምስጢር ለመጠበቅ የሚያቀርባቸው መቆለፊያዎች ብዙ ናቸው፤ አንድ በአንድ ሲፈተሹም በአመዛኙ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ቅሬታዬ መቆለፊያዎቹ ለአዲሱ ባለቤት ሲደርሱ አብዛኛዎቹ ያልተቆለፉ መሆናቸው ነው። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የእናቴ ታላቅ እህት ባለፈው ወር አዲስ ስልክ ማግኘታቸው ነው። ስልኩን የላከላቸው ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው ሲሆን፣ ቴሌግራሙን የከፈተላቸው ደግሞ ሲም ካርዱን ያስገባላቸው የሰፈሩ የሞባይል ሱቅ ልጅ ነበር። ልጁ ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ፣ ጉርሻውን ተቀብሎ ሸኝቷቸዋል። ምንም ክፉ ነገር አላደረገም፤ ነገር ግን አንድም ሴቲንግ አልነካም፤ እትዬም የሚነካ ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች አየነው። እዚህ የማቀርበው ያን ዕለት የታዘብኩትንና ከዚያ ወዲህ በራሴ አካውንት ደጋግሜ የሞከርኩትን ነው።

ጉዳያችን የሆኑት ምርጫዎች በሙሉ የሚገኙት ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ክፍል ነው። የገጹ አሠራር ንጹሕ ነው፤ አብዛኛዎቹ ምርጫዎች «ሁሉም ሰው»፣ «ኮንታክቶቼ» እና «ማንም» (ማለትም ለማንም አይፈቀድ) የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሏቸው። በተጨማሪም «ሁልጊዜ ፍቀድ» እና «ፈጽሞ አትፍቀድ» የሚሉ የተለዩ ሰዎች መመዝገቢያዎች አሉ፤ ለምሳሌ ፎቶዬን ለኮንታክቶቼ ሁሉ ፈቅጄ የቀድሞ አከራዬን ብቻ ለይቼ ማስቀረት እችላለሁ። ይህ ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው። ጉድለቱ አስቸኳይ የሆነውና ያልሆነው በእኩል መልክ መደርደሩ ላይ ነው፤ አካውንትን ከሌባ የሚያድነው መቆለፊያና የልደት ቀንን የሚሰውረው መቆለፊያ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት መስመር ላይ ተጽፈው ይታያሉ። እትዬ አማርኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ ሴት ናቸው፤ ስልካቸው ግን በእንግሊዝኛ ስለተከፈተ ገጹ ለእሳቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ግድግዳ ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ስልክ ቁጥር ነው። ቴሌግራም የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ሲሆን፣ በአገራችን ደግሞ ስልክ ቁጥር ከመደወያነት አልፎ የቴሌብር ሂሳብ መለያ፣ የባንክ መልእክት መቀበያ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይም የሰው ሁለተኛ ስሙ ሆኗል። «ቁጥሬን ማን ይይ» የሚለው ምርጫ ማንም ካልነካው «ኮንታክቶቼ» ላይ ያረፈ ነው፤ ስለዚህ በግሩፕ ውስጥ ያገኘን እንግዳ ሰው ቁጥራችንን አያይም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። አደጋው የሚመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ቁጥሩን አስቀድሞ ከያዘ ሰው በኩል ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በቁጥሩ አማካይነት አካውንቱን ያገኘዋል። ቁጥሩን ከባለቤቱ ተቀብሎት ይሁን በግምት ደርድሮት፣ ለመተግበሪያው ልዩነት የለውም። ከ09 ወይም ከ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን በተርታ ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው፣ ከየትኛው ቁጥር ጀርባ የማን ስምና ፎቶ እንዳለ ሊለቅም ይችላል ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በሆንግ ኮንግ የተቃውሞ ሰልፍ ወቅት ነው። ፖሊስ ቁጥሮችን በጅምላ አስገብቶ የግሩፕ አባላትን ማንነት ሊለይ ይችላል የሚል ስጋት ሲነሳ፣ ቴሌግራም በዚያው ዓመት «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚል ተጨማሪ ምርጫ አስገባ።

ምርጫው ጥሩ ነው፤ አቀማመጡ ግን ያስገርማል። የመጀመሪያው ምርጫ «ማንም» ላይ እስኪደረግ ድረስ ሁለተኛው ጭራሹን አይታይም። «ኮንታክቶቼ» ላይ እንዳለ የተወው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ተጠቃሚ፣ እንዲህ ያለ መቆለፊያ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የእትዬን ቁጥር «ማንም» ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ የወጣውን ደግሞ «ኮንታክቶቼ» አልኩት። አሁን ቁጥራቸውን በግምት የመዘገበ ሰው ከአካውንታቸው ጋር ሊያገናኘው አይችልም። አንድ ትንሽ ወጥመድ ግን ይቀራል፤ አዲስ ሰው ከቻት ውስጥ ኮንታክት አድርገን ስንመዘግብ «ቁጥሬን አጋራ» የምትል አንዲት ምልክት ማድረጊያ ትመጣለች፤ ሳያዩ ካለፏት ያን ሁሉ የደከምንበትን ለዚያ ሰው መልሳ ትከፍታለች። ቁጥር ከመስጠት ይልቅ የተጠቃሚ ስም አውጥቶ እሱን መስጠት የተሻለ ነው፤ እትዬ ግን ይህን ምክር አልተቀበሉትም፤ ሰው ስልክ ሲጠይቃቸው «በእንግሊዝኛ ፊደል ልቁጠርለት?» ብለው ስቀውብኛል።

ከሁሉም የሚበልጠው መቆለፊያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ነው። ቴሌግራም ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ዛሬም ግዴታ አይደለም፤ አካውንቱ ያለሱ ይከፈታል፣ ያለሱም ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ይህ የይለፍ ቃል በሌለበት አካውንቱን የሚጠብቀው የጥቂት አሃዞች የመግቢያ ኮድ ብቻ ነው፤ አሁን የተለመደው የአካውንት ጠለፋም የሚሠራው በዚሁ በኩል ነው። ሌባው የተጠቂዋን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ያስገባል፤ ኮዱ ወደ እሷ ይላካል፤ እሱ ደግሞ ቀደም ብሎ በጠለፈው የዘመዷ አካውንት «በስህተት ወዳንቺ የተላከ ቁጥር አለ፣ እባክሽ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎ ይጽፍላታል። እሷም ዘመዷን አምና ትልካለች። ከዚያ በኋላ «ድንገት ገንዘብ ቸግሮኛል» የሚለው መልእክት በእሷ ስም ለምታውቀው ሰው ሁሉ ይዳረሳል። ኮዱን ይዞ የሚመጣው መልእክት ለማንም እንዳይሰጥ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ይሁንና እንደ እትዬ ባለ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዘመድ ደግሞ የሚለምነው በአማርኛ ነው። ተጨማሪው የይለፍ ቃል ካለ ኮዱን ያገኘው ሌባ ደጅ ላይ ይቀራል፤ በእኔ ግምት ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይሥራ።

እትዬ የይለፍ ቃላቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ዘወትር የሚደግሙት ዳዊታቸው ውስጥ ሸጎጡት። መጀመሪያ ተቃወምኩ፤ የይለፍ ቃል አይጻፍም የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ሰምተነዋል። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚያሰጋቸው በስልክ የሚመጣ ሌባ ነው፣ እሱ ደግሞ የዳዊቱን ገጽ ሊገልጥ አይችልም። አስቸጋሪ የሆነው የሚቀጥለው እርምጃ ነበር። ቴሌግራም የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ማስመለሻ የሚሆን ኢሜይል ይጠይቃል። እትዬ ኢሜይል አላቸው፤ ስልኩ እንዲሠራ ተብሎ እዚያው ሱቅ ውስጥ የተከፈተላቸው ነው፤ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያውቀው የከፈተው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከብዙ ደንበኞች መካከል የእሳቸውን ስለማስታወሱ እርግጠኛ አልነበረም። ኢሜይል ሳያስገቡ ማለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉ የጠፋ ዕለት እሱን ለመሰረዝ ሰባት ቀን መጠበቅ ይኖራል፤ ከስልኩ ጭራሽ የወጣ ሰው ደግሞ አካውንቱን ከነቻቱ አጥቶ ከዜሮ ለመጀመር ሊገደድ ይችላል። በመጨረሻ የራሴን ኢሜይል አስገባሁ። ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው ነገሩ የከበደኝ፤ የእኔ ኢሜይል የተሰበረ ዕለት የእሳቸው ሁለተኛ መቆለፊያ አብሮ ይሰበራል።

«ዲቫይስስ» የሚለው ዝርዝር አካውንቱ በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ እንደተከፈተ ከነግምታዊ ቦታው ያሳያል፤ የማላውቀውን በአንድ ንክኪ ማስወጣትም፣ ከእጄ ካለው ስልክ በስተቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስወጣትም ያስችለኛል። በእትዬ አካውንት ላይ ከስልካቸው በቀር ምንም አልነበረም። እሳቸውን ካረጋጋሁ በኋላ የራሴን ስከፍት ግን ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቅሁት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ተዘርዝሮ አገኘሁት። ሳይከፈት የቆየ ግንኙነት ጊዜው ሲደርስ በራሱ እንዲቋረጥ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ይሁን እንጂ ያ ኮምፒውተር በእኔ ቦታ በተተካው ሰው በየቀኑ ስለሚበራ፣ ቴሌግራሙም አብሮት ስለሚነሳ፣ ግንኙነቱ አንድም ቀን ሳይከፈት አልቀረም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ዝርዝሩ በእጄ ነበር፣ አላየሁትም። ስለዚህ ክፍል ማወቅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አለመቻሉና ሰዓታት መጠበቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ ለተጠለፈ ሰው ይህ የተሰጠ ጊዜ ስለሆነ፣ ሳይደናገጥ ከራሱ ስልክ ሌባውን ቀድሞ ማስወጣት ይችላል።

የቀሩትን በፍጥነት ላልፍ እችላለሁ። መጨረሻ የታየንበትን ሰዓት መደበቅ ይቻላል፤ በምላሹ የሌሎችንም ሰዓት ማየት እናቆማለን፣ ይህም ፍትሐዊ ነው። የጥሪ ምርጫ ውስጥ በቀጥታ ከሰው ወደ ሰው መገናኘትን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ነገር አለ፤ ከተፈቀደ የምናነጋግረው ሰው አይፒ አድራሻችንን፣ ማለትም ስልካችን ኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ሊያውቅ ይችላል፣ ከተከለከለ ጥሪው በቴሌግራም ማሽኖች በኩል ያልፋል፣ የድምፁ ጥራት ግን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ወደ ግሩፕና ቻናል ማን ሊያስገባን እንደሚችል የሚወስነው ምርጫ ማንም ካልነካው ለሁሉም ሰው ክፍት ነው፤ የማያውቁት ሰው «በቀን እጥፍ ትርፍ» የሚል ግሩፕ ውስጥ ጨምሯቸው የሚደነቁ ሰዎች መልሱ እዚህ አለ። «በአቅራቢያ ያሉ ሰዎች» የሚለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተነሳ እሱን አለመገምገሜ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ይህ ሁሉ ሴቲንግ ከሌሎች ተጠቃሚዎች የሚጋርደን እንጂ ከኩባንያው ከራሱ የሚጋርደን አይደለም። ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ለማንም የማይነበብ ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም። ተራ ቻትና ግሩፕ የሚቀመጡት በኩባንያው ማሽኖች ላይ ነው፤ ስልክ ቀይረን ስንገባ የድሮው ሁሉ ተሟልቶ የሚጠብቀንም ለዚህ ነው። ከቻቶች መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ እንኳ ሊያነበው የማይችለው፣ «ሲክሬት ቻት» ብቻ ሲሆን፣ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚሠራ፣ ለግሩፕ የማይሆን፣ ከተጀመረበት ስልክ ወደ ሌላ የማይሻገር፣ ሰው ራሱ ፈልጎ ካልከፈተው በቀር የማይነሳ ነው። የሚከፈተውም ከሰውየው ፕሮፋይል ላይ ሦስት ነጥቦችን ነክቶ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ቻቶቼ ሁሉ እንዲህ ይሁኑ» የሚል ምርጫ የለም። በእኔ ሚዛን የመተግበሪያው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ተጠቃሚው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሴቲንግ ነክቶ ሊያስተካክለው አይችልም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ለውጥ አለ። ቀደም ሲል የቴሌግራም ደንብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሽብር የተጠረጠረን ሰው አይፒ አድራሻና ስልክ ቁጥር ለመንግሥት ሊሰጥ እንደሚችል ይናገር ነበር። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰረ በኋላ፣ በሴፕቴምበር ደንቡ ተሻሽሎ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብ የመተግበሪያውን ሕግ የጣሱ ሰዎች መረጃም ሊሰጥ እንደሚችል ተገለጸ። ይህን የማነሳው ለውጡን ለመቃወም ወይም ለመደገፍ አይደለም፤ አጭበርባሪ የዘረፈው ሰው ሌባው እንዲገኝለት ይፈልጋል። ነገር ግን ኩባንያው የያዘውን መረጃ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የእኛ ሴቲንግ ሳይሆን የእሱ ደንብ መሆኑን ተጠቃሚው ይወቅ።

ታዲያ ኃላፊነቱ የማን ነው? በመጀመሪያ የኩባንያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 25 የግል መረጃ ባለቤቱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ቁጥራቸው ላልተወሰነ ሰዎች በራሱ ክፍት እንዳይሆን ያዝዛል፤ ማንም ያልነካው ሴቲንግ በምን ሁኔታ መገኘት እንዳለበት ከዚህ የጠራ መለኪያ አላውቅም። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የማክበር መብት ሲደነግግ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ጨምሮ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ወጥቶ ክትትሉ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ፌስቡክን ለማመስገን አዘውትሬ ምክንያት ባላገኝም፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ተጠቃሚውን እጁን ይዞ ዋና ዋናዎቹን ምርጫዎች የሚያሳልፍ የፍተሻ ገጽ አለው። በቴሌግራም እንዲህ ያለ ገጽ አላገኘሁም። አካውንት ሲከፈት በተጠቃሚው ቋንቋ ሦስት ጥያቄ ቢጠየቅ፣ ማለትም በቁጥርዎ ማን ያግኝዎት፣ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያውጡ፣ ወደ ግሩፕ ማን ያስገባዎት ቢባል፣ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኛው ኃላፊነት ሰው ስለሌላው ሰው ያለበት ነው፤ ይህን የምናስበው ጥቂቶች ነን። ኮንታክት ማመሳሰልን ስፈቅድ በስልኬ ላይ ያሉ የጎረቤቶቼ፣ የሐኪሜና የእድራችን ሰዎች ስምና ቁጥር ወደ ኩባንያው ማሽን ይሄዳል፤ ከእነሱ አንዳቸውንም አላስፈቀድኩም። ማመሳሰሉን ማጥፋትና የተላከውን መሰረዝ የሚያስችሉ ሁለት ምርጫዎች እዚያው ገጽ ላይ አሉ። የግሩፕ አስተዳዳሪም እንዲሁ፤ አባላቱ ከ100 በላይ በሆኑ ግሩፖች የአባላትን ዝርዝር መሰወር ይችላል፤ እትዬ ያሉበት የማኅበር ግሩፕ ይህን ቁጥር ያለፈ ሲሆን ዝርዝሩ ግን ለገባ ሁሉ ይታያል። ለአስተዳዳሪው ጽፌለት «ምን የሚደበቅ ነገር አለን?» ብሎ መልሶልኛል። የሚደበቅ ነገር እንደሌለን አምናለሁ፤ ነገር ግን ሌባው ዘመድ መስሎ ለመጻፍ የሚፈልገው የዘመዶችን ዝርዝር ነው።

በእኛ ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ከኩባንያውም ከተጠቃሚውም መካከል የቆመው ሰው ይመስለኛል፤ እሱም አካውንቱን የሚከፍተው ሰው ነው። የሱቁ ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ከውጭ ለዕረፍት መጥቶ ስልክ የሚያስተካክለው ወንድም፣ እነዚህ ሰዎች ለሌላው በር ይከፍታሉ፤ መቆለፊያውን ማሳየትም ከመክፈቱ ሊለይ አይገባም። በእትዬ ስልክ ላይ ሥራው ሁሉ አርባ ደቂቃ ያህል የፈጀብን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ያለቀው በመነካካት ሳይሆን እያንዳንዱ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ በማስረዳት ነበር። ሳላስረዳ ብነካው ኖሮ በአሥር ደቂቃ እጨርስ ነበር፤ ግን ቁልፉን ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ መቆለፌ ይሆን ነበር።

ለመቆለፊያዎቹ ጥራት ከ10 8 እሰጣለሁ፤ ሳይነኩ ለሚገኙበት ሁኔታ ከ10 ከ4 አላልፍም። ለቤተሰብ ወሬ፣ ለእድርና ለማኅበር ጉዳይ፣ ለቻናል ንባብ መተግበሪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ የሕክምና ውጤት፣ የመታወቂያ ፎቶ ወይም የባንክ ወረቀት ለሚላላክ ሰው ግን ከሲክሬት ቻት ውጪ አልመክርም። እትዬ ልጃቸውን አሁን በየቀኑ ያናግሩታል። የማስመለሻው ኢሜይል እስካሁን የእኔ ነው፤ ልጃቸው ለፋሲካ ሲመጣ በስማቸው አዲስ ኢሜይል ከፍተን፣ የይለፍ ቃሉንም ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ዳዊቱ ውስጥ አስቀምጠን ልንቀይረው ተነጋግረናል። እስከዚያው እኔ በራሴ ኢሜይል ላይ ለዓመታት ያዘገየሁትን ሁለተኛ መቆለፊያ በዚያው ቅዳሜ ማታ አስገብቻለሁ።